ዊልቸሩ ለምን ይቆማል?

ዳላስ በገባሁ በሦስተኛው ወር ኤርፖርት ውስጥ ዊልቸር የመግፋት ሥራ አገኘሁ። አገር ቤት ደብረ ብርሃን ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምሬያለሁ። ዲቪ የደረሳት ባለቤቴ ናት፤ እኔ እሷን ተከትዬ መጣሁ። እሷ እዚያው ዳላስ ጎን በምንኖርባት ጋርላንድ፣ ከአፓርትመንታችን ብዙም የማይርቅ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን፣ ገባች። የእኔ እንግሊዝኛ የመጽሐፍ እንግሊዝኛ ነው፤ አነባለሁ፣ ሰው ሲያወራኝ ግን ግማሹ ያመልጠኛል። ስለዚህ ብዙ ንግግር የማይጠይቅ ሥራ ፈለግሁ። "ሰው ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ አንተ ትገፋለህ፣ መሳፈሪያው በር፣ ጌቱ ጋ ታደርሳለህ" አሉኝ። ይቺ እንዴት ታቅተኛለች ብዬ ተቀበልኩ።

ሥራውን እንድታሳየኝ የተመደበችው የኮምቦልቻ ሴት ነበረች። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። አጭር፣ ክንደ ደንዳና፣ ሻርፗን ከዩኒፎርሟ ቀለም ጋር አስማምታ የምታስር ሴት ናት። እዚያው ኤርፖርት አሥራ አራት ዓመት ገፍታለች። በመጀመሪያው ቀን እንደ ሥርዓቱ "እርስዎ" ብዬ ብጀምር አቋረጠችኝ።

"ስማ፣ አንቱታውን አገር ቤት ተወው። እዚህ ከሱፐርቫይዘሩ ጀምሮ ሁሉም 'ዩ' ነው። አንቺ በለኝ፣ ይበቃኛል።"

ከዚያ ሥራውን አሳየችኝ። ተሳፋሪው ሲቀመጥ ፍሬኑ መያዙን እይ። እግሩን ማሳረፊያው ላይ ሳያደርግ አትንቀሳቀስ። ሊፍት ስትገባ ጀርባህን አስቀድመህ ግባ። አንዱን ነገር ግን ሦስት ጊዜ ደጋገመችው፦ ከጌቱ ወደ አውሮፕላኑ የሚወስደው ድልድይ ቁልቁለት አለው፤ ቁልቁል ስትወርድ ወንበሩን አዙረህ፣ ጀርባህን ወደ አውሮፕላኑ ሰጥተህ፣ በጀርባህ ውረድ።

"ለምን?" አላልኳትም። ስለ ተዳፋት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስዕል ስስል ነው የኖርኩት። ዕቃውን በአራት ማዕዘን፣ ጉልበቶቹን በቀስት። ምክንያቱን ከእሷ በላይ የማውቅ መሰለኝና ራሴን ነቅንቄ አለፍኩ።

በአራተኛው ቀን ዝናብ ነበረ። ጌቱ ላይ የመጨረሻዎቹ ተሳፋሪዎች እየገቡ ነው። የያዝኩት ሰውዬ ሽማግሌ አሜሪካዊ፣ በጣም ግዙፍ፣ ጭኑ ላይ ትልቅ ቦርሳ ያቀፈ ነበር። በሩ ላይ ያለችው ሠራተኛ በእጇ "ቶሎ፣ ቶሎ" ትለኛለች። ወንበሩን ለማዞር አምስት ሰከንድ አይፈጅም ነበር። እኔ ግን ቸኮልኩ፤ እንዳለ ፊቱን ወደ ታች አድርጌ ገባሁ።

የመጀመሪያዎቹ ጥቂት እርምጃዎች ደህና ነበሩ። ቀጥሎ ወንበሩ እጄን ሲስበው ተሰማኝ። እኔ መግፋቴን አቁሜያለሁ፤ እሱ ግን መሄዱን አላቆመም። ወደ ኋላ ተደገፍኩ። ሰዎች በጫማቸው ይዘውት የገቡት ውሃ ወለሉ ላይ ነበር፤ የጫማዬ ሶል ያዘ፣ ከዚያ ለቀቀ። ሁለቱ እግሮቼ ሲንሸራተቱ፣ ሰውዬውና ወንበሩ እኔን እየጎተቱ ሲወርዱ፣ ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው ያ ቀስት ብቻ ነው። ወደ ታች ያለው ቀስት ረዝሟል፣ ወደ ላይ ያለው አጥሯል። አውቀዋለሁ። ማወቄ ግን ምንም አልያዘልኝም።

እሷ አንድ ተሳፋሪ አድርሳ ባዶ ወንበር እየገፋች ከታች ወደ ላይ ትመጣ ነበር። አየችን። ባዶውን ወንበር ወደ ግድግዳው ገፍታ ለቀቀችና ወደ እኛ ሮጠች። ከፊት አልቆመችም፤ ከፊት ብትቆም ይጨፈልቃት ነበር። በጎን መጥታ የወንበሩን ክንድ በሁለት እጇ ያዘችና በሙሉ ክብደቷ ወደ ራሷ ሳበችው። ወንበሩ ተጠመዘዘ፣ ጎኑ ግድግዳውን እየፋቀ ሄዶ ቆመ። የሰውዬው ቦርሳ ተወርውሮ አውሮፕላኑ በር ድረስ ተንሸራተተ።

 መጀመሪያ የተናገረው ሽማግሌው ነው። ወደ እኔ ዞሮ የተጎዳ ሰው እንዳለ ጠየቀ። እሱ ደህና ነበር። እኔም ደህና ነበርኩ። እሷ የግራ አንጓዋን በቀኝ እጇ ጨብጣ ይዛ ነበር።

"ደህና ነኝ፣ ሰውየውን አስገባው" አለችኝ። "አዙረህ!"

አዙሬ አስገባሁት።

ለሱፐርቫይዘሩ የሆነውን ራሴ ሄጄ ነገርኩት። ጥፋቱ የእኔ ብቻ መሆኑን በዚያችው በትንሿ እንግሊዝኛዬ አስረዳሁ። ሁለት ቀን እንደገና ስልጠና ላይ አስቀመጠኝ፤ እሷን ሐኪም እንዲያያት ላካት። አንጓዋ አልተሰበረም፤ ወለም ብሎ ነበር። በማግሥቱ በፋሻ ጠቅልላው መጣች። የሠራተኞች ማረፊያው፣ ብሬክ ሩም ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣ ሳገኛት የት እንደምገባ ጠፋኝ።

"ይቅርታ አድርጊልኝ" አልኳት። "የነገርሽኝን ሳልሰማ ቀርቼ አይደለም። አውቀዋለሁ ብዬ ነው።"

"ምኑን ነው የምታውቀው? አገር ቤት ሥራህ ምን ነበር?"

"መምህር ነበርኩ።"

"የምን?"

ፋሻዋን እያየሁ መለስኩ፦ "የፊዚክስ።"

አተኩራ አየችኝ። "ፊዚክስ ማለት... ይሄ የመግፋት፣ የመሳብ፣ የቁልቁለት ነገር?"

"አዎ። ይኸው ራሱ።"

እንደዚያ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ሳቀች፤ የታሰረውን እጇን እየደገፈች፣ "ወላሂ! ወላሂ!" እያለች እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔም መጀመሪያ አፈርኩ፣ ቆይቶ አብሬያት ሳቅሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ ቀረና "ቲቸር" ሆንኩ።

ሳቋ ሲያበቃ ፊቷ ተለወጠ። ከቦርሳዋ ጠርዙ የተበላ ወፍራም መጽሐፍ አውጥታ ፊቴ አስቀመጠችው። ሃይስኩል ላልጨረሱ ትልልቅ ሰዎች የሚሰጠው ፈተና መዘጋጃ ነው። እሷ ትምህርቷን ያቋረጠችው ሰባተኛ ክፍል ላይ ነበር፤ ቤተሰቦቿ ዓረብ አገር ላኳት፣ እዚያ ዘጠኝ ዓመት የሰው ቤት ሠራች፣ ከዚያ በወንድሟ በኩል አሜሪካ መጣች። አሁን የምትፈልገው የኩላሊት እጥበት ክሊኒክ ውስጥ ቴክኒሺያን መሆን ነው። ለስልጠናው ደግሞ የሃይስኩል ወረቀት ይጠይቃሉ። የእንግሊዝኛውን ንባብና ማኅበራዊውን አልፋለች፤ ሂሳቡን ገና አልሞከረችም። ሳይንሱ ሁለት ጊዜ ጥሏታል።

"ልጄ ዴንተን ዩኒቨርሲቲ ናት" አለችኝ። "እሷን ስጠይቃት 'ማሚ፣ ጀስት ሜሞራይዝ ኢት' ትለኛለች። እኔ ደግሞ ያልገባኝን ነገር መሸምደድ አልችልም። ያመኛል።"

የከፈተችው ገጽ ላይ አንድ ሳጥን ተስሏል። በግራና በቀኝ ቀስቶች አሉት። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ ሳጥኑ በቀጥታ መስመር፣ በማይለወጥ ፍጥነት እየሄደ ነው፤ ስለ ጉልበቶቹ ምን ማለት ይቻላል?

"እኔ የቀኙ ይበልጣል ብዬ መለስኩ" አለች። "መልሱ ግን እኩል ናቸው ይላል። ቲቸር፣ እኩል ከሆኑማ ቆመ ማለት አይደል? የሚሄደው የሚገፋው ስለበለጠ ነው። አሥራ አራት ዓመት ገፍቻለሁ። ካልገፋሁት ይቆማል። መጽሐፉ ነው የተሳሳተው።"

 ይህን ጥያቄ ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁ። ደብረ ብርሃን ሳስተምር አባቷ ጋሪ የሚነዳ አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ ነበረች፤ እጇን አውጥታ፣ "ቲቸር፣ የአባቴ ጋሪ ፈረሱ ካልጎተተው አይሄድም፤ መጽሐፉ ተሳስቷል?" አለችኝ። "መጽሐፍ አይሳሳትም፤ ተቀመጪና ጻፊ" አልኳት። ክፍሉ ሳቀባት። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ እጇን ሁለተኛ አላወጣችም። ያን ጊዜ ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አውቃለሁ። እኔም ሕጉን በቃሌ እንጂ በእጄ አላውቀውም ነበር። ከጠመኔ የከበደ ነገር ገፍቼ አላውቅም።

"መጽሐፉ አልተሳሳተም" አልኳት ለኮምቦልቻዋ ሴት። "አንቺም አልተሳሳትሽም። አንድ የረሳሽው ገፊ አለ። ነገ የሥራ ሺፍታችን ከመጀመሩ በፊት ግማሽ ሰዓት ቀድመን እንምጣ።"

"እኔ እወስድሃለሁ፤ አንተ መኪና የለህ" አለች። ለካ የእሷም ቤት ጋርላንድ ነው፣ ከእኛ አፓርትመንት ሁለት የትራፊክ መብራት አልፎ።

በማግሥቱ ጠዋት ተሳፋሪ የሌለበት አንድ ጫፍ ፈልገን ባዶ ዊልቸር ይዘን ሄድን። እዚያ ወለሉ ግማሹ ምንጣፍ ነው፣ ግማሹ የሚያብረቀርቅ ንጣፍ። መጀመሪያ ምንጣፉ ላይ፣ "አንዴ ግፊውና ልቀቂው" አልኳት። በደህናው እጇ ገፍታ ለቀቀችው። ስድስት እርምጃ ያህል ሄዶ ቆመ። ቀጥሎ ንጣፉ ላይ በዚያው አገፋፍ ገፍታ ለቀቀችው። ሄደ፣ ሄደ፣ ሮጬ ያዝኩት እንጂ ከመስኮቱ ጋር ይጋጭ ነበር።

"አገፋፍሽ አንድ ነው?"

"አንድ ነው።"

"ታዲያ እዚያ ለምን ቶሎ ቆመ?"

"ምንጣፍ ነዋ። ምንጣፍ ይይዛል። ማንም የሚያውቀው ነው፣ አዲስ ሰው ምንጣፍ ላይ ነው ወገቡ የሚቆረጠው።"

"በየትኛው አቅጣጫ ነው የሚይዘው?"

እጇን ወደ ኋላ አወዛወዘች። "ወደዚህ። ወደ እኔ።"

"በይ እሱ ነው ሁለተኛው ቀስት። ሰበቃ ይባላል። ወንበሩ ስለለቀቅሽው አይደለም የቆመው። የሚይዝ ስላለ ነው። የሚይዘው ሲያንስ ምን ያህል እንደሄደ አየሽ። አሁን ጭራሽ የሚይዘው ነገር ባይኖርስ?"

 ወንበሩን አየችው፣ ወለሉን አየችው። ከጀርባዋ አንድ የጽዳት መኪና ድምፁን እያሰማ አለፈ።

"አይቆምማ" አለች በመጨረሻ፣ በሹክሹክታ። "ምን ያቆመዋል?"

አሥራ ዘጠኝ ዓመት አስተምሬ ያንን ፊት አላየሁም።

ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም። በዚያው ጠዋት የገባት መስሎኝ በማግሥቱ ብጠይቃት ያንኑ የድሮ መልሷን መለሰችልኝ። እንደገና አስረዳኋት፤ "ገባኝ" አለች፤ በሳምንቱ ደግሞ ስታ አገኘኋት። ትዕግሥቴ ያለቀበት ቀን አለ። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ "ይሄን ያህል ጊዜ ነግሬሽ!" አልኳት። መጽሐፏን ዘግታ፣ "እኔ ላንተ ቁልቁለቱን ሦስት ጊዜ ነግሬህ ነበር፤ ጮህኩብህ?" አለችኝ። ያን ቀን ከኤርፖርቱ እስከ ጋርላንድ መንገዱን ሙሉ አልተነጋገርንም። ስወርድ፣ "በድያለሁ" አልኳት። "ነገ አራት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ላይ ሁን" ብላኝ ሄደች። ማለዳ መግባታችን ቀርቶ ረፋድ ላይ የምንጀምርበት ሳምንት ነበር።

እጇ እስኪድን ድረስ ከባድ ከባዶቹን ተሳፋሪዎች እኔ ያዝኩላት። በዚያ ሦስት ሳምንት ነው መግፋት የተማርኩት። ወንበር ሲነሳ ከጉልበት ተጎንብሶ፣ ቀስ ብሎ፣ እያጠነከሩ ነው። አንዴ ከተነሳ በኋላ ደግሞ መቀነስ ነው፤ ካልቀነስክ ይሮጥብሃል። እኩል እርምጃ ስትይዝ እጅህ ላይ የሚቀረው ግፊት ትንሽ ነው፤ ወለሉ የሚይዘውን ያህል ብቻ። ያንን ትንሽ ግፊት መዳፌ ላይ ሲሰማኝ ለራሴ "እኩል ነው" እል ነበር። እሷም ከጎኔ ሌላ ወንበር እየገፋች፣ በአማርኛ፣ ተሳፋሪዎቻችን ሳይሰሙን፣

"አሁንስ?" ትለኛለች።

"እኩል።"

"አሁን ላስነሳው ነው።"

"የማን ይበልጣል?"

"የእኔ!"

"ልታቆሚው ስትይስ?"

"የወለሉ። በዚያ ላይ እኔም ወደ ኋላ እስበዋለሁ።"

ሁሉም ነገር የገባት ግን ኤርፖርት ውስጥ አይደለም፤ መንገድ ላይ ነው። አንድ ቀን ስድስት ሠላሳ አምስት የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዘን ወደ ሥራ ስንሄድ ትራፊኩ እንደ ወትሮው አልነበረም፣ ክፍት ነበር። ዝም ብላ ስትነዳ ቆየችና ሳትዞር፣

"ስልሳ ማይል ላይ ነኝ" አለች። "አልጨምርም፣ አልቀንስም። እግሬ ግን የነዳጁ ፔዳል ላይ ነው።"

ወደ እግሯ ተመለከትኩ።

"ነፋሱና አስፋልቱ ወደ ኋላ ይይዙኛል። ሞተሩ ወደ ፊት ይገፋኛል። ፍጥነቴ ካልተለወጠ..." ቆም አለች። "እኩል ናቸው። ቲቸር፣ እኩል ሆነውም እንሄዳለን! ስልሳ ላይ ነን!"

"እግርሽን ብታነሺስ?"

"የእነሱ ይበልጣል፣ እቀንሳለሁ። ብረግጠው ደግሞ የእኔ ይበልጣል፣ እጨምራለሁ። ሶ፣ እኩል መሆን ማለት መቆም አይደለም፤ አለመለወጥ ነው!"

ቃል በቃል እንደዚያ አለች። እኔ ክፍል ውስጥ ያን ያህል ዓመት ስናገር ያንን ዓረፍተ ነገር እንደዚያ አሳጥሬ ተናግሬው አላውቅም። ደስታዋ ስለበዛ መውጫችንን አልፋው ሄደች፤ ዞረን እስክንመለስ አሥር ደቂቃ አረፈድን። ሱፐርቫይዘሩ ምክንያቱን ሲጠይቀን እርስ በርስ ተያየን፤ "ትራፊክ" አለችው።

ለሦስተኛ ጊዜ ተፈተነች። ውጤቱ በስልኳ ሲደርሳት ጌት ላይ አንዲት እናት በዊልቸር ይዛ ነበር። መጥታ አልነገረችኝም። ሺፍታችን እስኪያልቅ፣ ዙህሯን ሰግዳ እስክትመለስ፣ መኪና ውስጥ ገብተን ቀበቶ እስክናስር ጠበቀች። ከዚያ ስልኩን ሰጠችኝ። የሳይንሱን አልፋለች። መሪውን በሁለት እጇ ይዛ አለቀሰች። ሞተሩን ሳታስነሳ ብዙ ቆየን።

"ሰባተኛ ክፍል ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ደብተሬን ሳልወስድ ነው የሄድኩት" አለችኝ። "ነገ እመለሳለሁ ብዬ።"

ሂሳቡ ቀርቷት ነበር። እሱን ለማለፍ ሌላ አምስት ወር ፈጀባት፤ እሱንም ቁጭ ብለን ሠራን። ወረቀቱን ስትቀበል ሰፈራችን ባለው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ትንሽ ዝግጅት ተደረገ። እኔና ባለቤቴ ሄድን። ልጇ ከዴንተን መጣች፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ አማርኛዋን እንደ እንግሊዝኛ የምታላምጥ ልጅ ናት። እጄን ጨበጠችኝና፣

"እርስዎ ነህ ቲቸሩ?" አለችኝ። ያስቀኝ ነበር፣ ግን ዓይኖቿ ቀልተው ስለነበር አልሳቅሁም። "እኔ፣ ማለቴ፣ ሜሞራይዝ አድርጊ አልኳት። እኔም አላወቅኩም ነበር ለምን እንደሆነ። ማሚ ለእኔ ኤክስፕሌይን አደረገችኝ። በሾፒንግ ካርት።"

እናቷ ከኋላ፣ "የገበያ ጋሪውን ፓርኪንግ ሎት ውስጥ ለቀቅሁባት" አለች። "ሮጣ ያዘችው።"

ከዚያ በኋላ ስልጠናዋን ጀመረችና ኤርፖርቱን ለቀቀች። እኔ ቀረሁ። አዲስ ሰው ሲመጣ እንዳሠለጥን እኔን ይመድቡኝ ጀመር። ድልድዩ ላይ ስደርስ ግን "እንዲህ አድርግ" ብቻ ብዬ አላልፍም፤ ወንበሩን ባዶውን ቁልቁል አስይዤ እጁ ላይ ሲከብደው እንዲሰማው አደርጋለሁ፤ ከዚያ አዙሮ ሰውነቱን ከታች አድርጎ እንዲይዘው። ልዩነቱን በራሱ ይናገረዋል።

አንድ ቅዳሜ ደወለችልኝ። "ቲቸር፣ እስከ መቼ ነው?" አለች።

"ምኑ?"

"አንተ። ዋይሊ ከተማ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ለአዲስ መጤ ልጆች ረዳት አስተማሪ ይፈልጋሉ። ልጄ ኦንላይን አይታው ነው። ፎርሙን ሞልታልሃለች፣ ሰኞ ጠዋት መሄድ ብቻ ነው ያለብህ።"

"እንግሊዝኛዬ..." ብዬ ልጀምር ስል፣

"እኔ ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ፤ አንተ ገና አንድም ጊዜ አልወደቅክም" አለችኝ።

ሰኞ መጥታ ወሰደችኝ። ክሊኒክ የምትገባው ከሰዓት በኋላ ስለነበር ጊዜ ነበራት። ትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ፓርክ አደረገችና፣ "ግባ፣ እዚሁ ነኝ" አለች። ሦስት ሰዎች ተቀምጠው ጠየቁኝ። ግማሹን ሰማሁ፣ ግማሹን ገመትኩ። አንዷ ሴትዮ ማስተማር ለምን እንደምፈልግ ስትጠይቀኝ ያዘጋጀሁት መልስ ጠፋብኝ። ስለዚያች የጋሪ ነጂ ልጅ ነገርኳቸው። በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ እጇን አውጥታ እንደጠየቀችኝና እኔ እንዳስቀመጥኳት። ሴትዮዋ መጻፏን አቁማ ሰማችኝ።

ስወጣ የመኪናውን ወንበር ወደ ኋላ አጋድማ ተኝታ አገኘኋት። መስኮቱን አንኳኳሁ። ደንግጣ ተነሳች።

"ምን አሉህ?"

"እንደውላለን አሉ።"

"ከልባቸው አሉህ ወይስ እንዲሁ አሉህ?"

"አላውቅም። ሴትዮዋ እስከ በሩ ሸኘችኝ።"

"ጥሩ ነው" አለች፣ ሻርፗን በመስታወቱ እያስተካከለች። ሐሙስ ዕለት ደወሉ፤ ተቀበሉኝ። ያን ሰኞ ግን ሁለታችንም ገና አናውቅም ነበር። ቁርስ ሳንበላ ነው የወጣነው፤ "በል ርቦኛል" ብላ መኪናውን አስነሳች፣ ወደ ጋርላንድ ተመልሰን ፍርፍር በላን፤ እሷን ወደ ክሊኒኩ፣ እኔን ወደ ኤርፖርቱ የሚወስደን ሰዓት እስኪደርስ ተጫወትን።